ለማን ነው የሚዘፍነው?

ጋሼ አምፕሊፋየር የሚመረምሩት በጣታቸው ነው። ለገጣፎ ባለችው ሞንታርቦ መጠገኛችን አዲስ የገጣጠምነውን ያበሩና፣ ምንም ድምፅ ሳያስገቡ፣ ሂትሲንኩን (ሙቀት ማስወጫ ብረቱን) ነካ ያደርጋሉ። ያን ቀን ጣታቸውን ቶሎ መለሱ።

«ይሄ ለማን ነው የሚዘፍነው?»

«ዝም ብሏል እኮ ጋሼ።»

«ዝም ያለ ነገር አይሞቅም።»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፈጣን እንዲሆን ብዬ አምፕሊፋየሩን የሚያረጋጋውን የኮምፔንሴሽን ካፓሲተር ከ100 ፒኮፋራድ ወደ 33 ያወረድኩት እኔ ነኝ። ኤልቲስፓይስ (ሰርኪዩት በኮምፒውተር የሚሞከርበት ፕሮግራም) ላይ የ1 ኪሎኸርዝ ሳይን ዌቩ፣ ለስላሳው ሞገድ፣ በማስመሪያ የተሳለ ይመስላል። «ሲሙሌሽኑ ንጹሕ ነው» አልኩ። ልጆቹ እስካሁን ካውያው አልሞቅ ባለ ቁጥር ይቺን ይደግሙልኛል።

ጋሼ ስክሪኑን ትንሽ አዩት። «እንስራ ስትገዛ በዓይንህ አይተህ ብቻ ነው?»

«አንኳኩቼ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይሄን አንኳኩተኸዋል?»

ውስጤ እርር አለ። እውነታቸውን ነዋ! አምፕሊፋየሩ ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት ራሱን በራሱ እየነዘረ ሊሆን ይችላል። ሲሙሌሽን ከተረጋጋ ነጥብ ተነስቶ ነው የሚሄድ፤ ኖይዝ የለው፣ ማብሪያ ጠቅ ሲል የሚደነግጠው የለ። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሳይን ደግሞ ማንንም አይቀሰቅስም። ታይም ስቴፑንም (ስሌቱ የሚራመድበትን የጊዜ እርምጃ) እንዳለ ትቼው ስለነበር ፈጣኑን ንዝረት ዘሎት አልፏል።

ስለዚህ አንኳኳሁ። ጠርዙ ስል የሆነ አነስተኛ ስኩዌር ዌቭ (ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ) አስገባሁ፤ መውጫው ላይ በረጅም ገመድ ምትክ ብዬ የ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጫንኩ፤ ስቴፑን አጠበብኩ። በ33 ፒኮፋራድ ከእያንዳንዱ ጠርዝ በኋላ መንቀጥቀጡ ጭራሽ እያደገ ሄደ። በ100 ትንሽ ዘለል ብሎ ተቀመጠ። (ዝላዩ ከ20 በመቶ ካለፈ ፌዝ ማርጂኑ (ራሱን በራሱ ከመንዘር የቀረው ርቀት) 45 ዲግሪ አካባቢ ወርዷል ብዬ ነው የምይዘው፤ ያ ለኔ አይበቃም።)

100ውን በየድኩት። አበራን። አሁንም ይሞቃል!

ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መውጫው ላይ ንዝረቱን የምታበርደው ባለ 10 ኦሟ ሬዚስተር ከባለ 100 ናኖፋራዷ ካፓሲተር ጋር ሆና መቀመጥ ነበረባት። ስዕሉ ላይ አለች፤ ሰሌዳው ላይ የለችም። ለካ ጋሼ ራሳቸው ዋዜማውን ለሌላ ሥራ ነቅለዋታል። ማንም ሳያየኝ ሌላ ተካሁባት።

ጋሼ መጥተው ነካ አደረጉት። ቀዝቅዟል። «አየህ፣ ስታንኳኳ አገኘኸው» አሉ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ።

የደሞዝ ቀን ስለነበር ዝም አልኩ። ጣታቸውን ግንባሬ ላይ ቢያሳርፉ ግን ያገኙኝ ነበር።