ኦዝኔ ሃማን በተምርና በኮረሪማ

ፑሪም የሚባለው የአይሁድ በዓል ሲቃረብ እስራኤል ውስጥ ዳቦ ቤቱ ሁሉ በኦዝኔ ሃማን ይሞላል። ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ሆዱ ውስጥ ፖፒ፣ ቸኮሌት ወይም ተምር የተደረገበት ብስኩት ነው። እማዬ ከፑሪም በፊት የሚጾመውን የአስቴርን ጾም ከአገር ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። ይህን ብስኩት ግን የለመድነው እዚህ መጥተን ነው፤ የአውሮፓ አይሁዶች ልማድ ነው። አሁን በየዓመቱ ራሴ እጋግራለሁ፣ በጣምም እወደዋለሁ።

ሊጡን ያለ ወተትና ቅቤ ነው የምሠራው። በአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተት አብረው አይበሉም፤ ብስኩቱ በፑሪም ለጎረቤት ስለሚላክ ሥጋ የበላ ሰውም ሳይጠብቅ እንዲቀምሰው ብዬ ነው። 350 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ከፍሪጅ የወጣ ማርጋሪን፣ 100 ግራም የላመ ስኳር፣ 2 የእንቁላል አስኳል፣ ትንሽ ጨውና የተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። ማርጋሪኑን ዱቄቱ ውስጥ በጣቴ እፈረፍረዋለሁ። ከዚያ አስኳሉን፣ ከ2 እስከ 3 ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂም እጨምራለሁ። ሊጡ እንደተያያዘ እጄን አነሳለሁ፤ ብዙ ከታሸ ይጠነክራል። ቤኪንግ ፓውደር አልነካም፤ ሊጡ ከተነፋ ማዕዘኑ ይከፈታል።

ለውስጡ 250 ግራም የተፈጨ ተምር በጥቂት ዘይትና በብርቱካን ጭማቂ እሳት ላይ አለሰልሳለሁ። ለውዝ ከትፌ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ጣል አደርግበታለሁ። የኮረሪማው ሽታ ተምሩን ሌላ ነገር ያደርገዋል! ማርማላታ እሳት ሲነካው ይፈሳል፤ ተምር ግን ባለበት ይቆያል። ይህን የምሠራው ከአስቴር ጾም በፊት ባለው ምሽት ነው። ብዙ ጊዜ የምጋግረው በጾሙ ቀን ስለሆነ በዚያን ቀን መቅመስ የለም።

ዋናው ነገር አስተጣጠፉ ነው። ሊጡን ፍሪጅ አሳድሬ በስሱ እዳምጠውና አፉ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ እቆርጠዋለሁ። መሃሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ተምር፣ ከዚያ አይበልጥም። ብዙ ሰው ሦስቱን ጫፍ ቆንጥጦ ይተወዋል። እኔ አንዱን ጎን አጥፌ ሁለተኛውን አስደግፍበታለሁ። የሦስተኛውን ጎን አንድ ጫፍ ከሁለተኛው በላይ፣ ሌላውን ጫፍ ከመጀመሪያው በታች አስገባለሁ። እንዲህ የተቆላለፈ ብስኩት በቀላሉ አይፈታም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ ይህችን ግማሽ ሰዓት መዝለል አይቻልም። ቀዝቃዛ ሊጥ ማርጋሪኑ ሳይቀልጥ በፊት ቅርጹን ይይዛል። በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ አካባቢ፣ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን አወጣዋለሁ። መሃሉ ገና ለስላሳ ቢመስልም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

መጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 9 ላይ ሰዎች ምግብ እንዲላላኩ፣ ለድሆችም እንዲሰጡ ተጽፏል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓይነት ምግብ መላክ አለበት። እኔ ከኦዝኔ ሃማኑ ጎን ዳቦ ቆሎ አደርጋለሁ። ጎረቤቶቼ አሁን አስቀድመው የሚጠይቁኝ ዳቦ ቆሎውን ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ እሱንም በብዛት ልሠራ ነው።