ኤጀንቱ ለማን ነው የቸኮለው?

ደሴ ያደገው የአክስቴ ልጅ አሁን አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ሰሞኑን አንድ ኤጀንት፣ ማለትም የተጫዋቾች ወኪል፣ "ትምህርቱን ተወውና ለኤንቢኤ ድራፍት ተመዝገብ" እያለ ይወተውተዋል። ኤንቢኤ የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ነው፤ ድራፍት ደግሞ ክለቦቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው። አክስቴ እንቅልፍ አጥታለች። ቡና ባፈላች ቁጥር ወሬው ይኸው ነው።

በልጁ አልፈርድም። በ20 ዓመቱ "ሚሊየነር ትሆናለህ" ሲባል ልቡ የማይሸፍት ማን አለ? ግን ድራፍቱ ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ ቢበዛ 60 ልጅ ይመረጥበታል፣ ያውም ከአውሮፓና ከሌላው ዓለም ከሚመጡት ጋር ተጋፍቶ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ሲፈርም የሁለት ዓመት ደመወዙ ዋስትና አለው። በሁለተኛው ዙር እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ኤጀንቱ ከኤንቢኤ ውል የሚወስደው ቢበዛ 4 በመቶ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ልጆች ይዞ አንዱ ከተሳካለት ይበቃዋል፣ የእኛ ልጅ ግን አንድ ነው።

ውሉን መስመር በመስመር የሚያስረዳ ደግ ኤጀንትም አለ፣ አልክድም።

ትናንት ማታ ለልጁ ደወልኩለት። "አብሽር ወንድሜ፣ አትቸኩል። አሰልጣኝህን ጠይቅ። ከመፈረምህ በፊት ወረቀቱን ላክልን" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ ኤጀንቱ ነገም እንደሚደውል ነገረኝ።