ለጸሎት ዝም ስንል የተሰማው ፊሽካ

የጌታ ስም ይባረክ። ይህ ምስክርነት 24 ሰው ይዞ ጫካ የገባ የእግር ጉዞ ክበብ 24ቱንም ይዞ ስለ መውጣቱ ነው። ሲሰሙት ቀላል ነገር ይመስላል። አራተኛው መንታ መንገድ ላይ ሲቆጠር ግን የተገኘው 23 ነበር።

እግዚአብሔር ያደረገውን ከመናገራችን በፊት ሰው ያበላሸውን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። የጠፋው ወንድም ከሁለተኛው መንታ አልፎ፣ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ፣ ለመጸዳዳት ከመንገድ ወጣ። አብሮት ለሚሄደው ሰው ነግሯል፤ ለደጀኑ ግን አልነገረም። ደጀን የምንለው ከሁሉም ኋላ የሚሄደውን፣ ማንንም ቀድሞ የማያልፈውን ሰው ነው። ቦርሳውንም ተሸክሞ ነው የገባው። ከመንገድ የሚወጣ ሰው ቦርሳውን በገባበት በኩል መንገድ ዳር ያስቀምጣል። ደጀኑ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ካየ ይቆማል፤ ባለቤቱ እስኪመለስም ከዚያ አይነቃነቅም። ምልክት የሚሆን ቦርሳ ስላልነበረ ደጀኑ ሳያውቅ አለፈው።

ሰውየው ከመንገዱ የራቀው ከ30 እርምጃ አይበልጥም። ሲመለስ ያገኘው ግን የሰውን መንገድ ሳይሆን ጎን ለጎን የሚሄድ የእንስሳት ዱካ ነው። ሁለቱ መሬት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ቀና ሲሉ ነው። ሰው የሚመላለስበት መንገድ እስከ ራስ ከፍታ ድረስ ክፍት ነው። የእንስሳት ዱካ ላይ ግን ቅርንጫፉ ደረትና ፊት ይመታል፤ ጎንበስ ማለት ከጀመሩ የሰው መንገድ አይደለም። ያ ዱካ ቁልቁል ወሰደው።

ሁለተኛው ጥፋት የቆጠራው ነው። ሦስተኛው መንታ ላይ መሪው በዓይኑ ቆጥሮ 24 አገኘ። አንድ የማናውቀው መንገደኛ እዚያው ቆሞ ሲያርፍ ነበርና እሱም ተቆጥሮ ነበር። በዓይን መቁጠር የሚያሳስተው እንዲህ ነው፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ዛፍ ይከልለዋል፣ ሌላው ሁለቴ ይቆጠራል። በቁጥር መጠራራት ግን አያሳስትም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ገና ሲነሳ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በየመንታውም ሁሉም በተራ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። ዝም ያለ ቁጥር የጎደለው ሰው ነው፤ ማን እንደ ጎደለም ወዲያው ይታወቃል።

ጉድለቱ ሲታወቅ ብዙዎቹ «ሦስተኛው ላይ ሙሉ ነበርን፣ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ነው የጠፋው» አሉ። ያንን ብንከተል ፍለጋው የሚጀምረው እሱ በሌለበት ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ነበርን?» ሳይሆን «በዓይኑ ያየው የመጨረሻው ሰው ማን ነው? የት አየው?» የሚለው ነው። ያ ጥያቄ ሲነሳ አብሮት የነበረው ሰው ቦታውን ተናገረ። ስልኩ ሲደወልለት አይሠራም። ሁለት ሰዎች አራተኛው መንታ ላይ ቀሩ፤ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ኔትወርክ አለ። ለነፍስ አድን የደወሉት ያኔውኑ ነው፤ መጀመሪያ የተናገሩትም ያሉበትን የጂፒኤስ ቁጥር ነው፤ ወሬው ሳያልቅ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው እንዲታወቅ። የቀሩት 21 ሰዎች ሳይበታተኑ ወደ ኋላ ተመለሱ። በየአቅጣጫው ሮጦ መፈለግ ደግነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጠፋውን አንዱን ሦስት ያደርገዋል።

ቦታው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷት ነበር፤ ሰማዩ ደመናማ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ያሳፍራል። 21 ሰው በአንድ ላይ ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ። ሁሉም ይጠራል፣ የሚሰማ ግን የለም።

በመካከላችን የነበሩ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ በቃ ዝም በሉ፤ ለአባታችሁ ንገሩትና ዝም በሉ» አሉ። አጭር ጸሎት ጸለዩ፦ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታየዋለህ፤ እኛ አናየውም። አሳየን።» ከአሜን በኋላም ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ደቂቃ ያህል የቅጠል ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከታች፣ ከሸለቆው በኩል፣ ቀጭን ፊሽካ ተሰማ። ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝምታ።

በተራሮች ላይ የተለመደው የጭንቅ ምልክት ይህ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና መጀመር። መልሱ በደቂቃ ሦስት ነው። የማረፊያዋ ደቂቃ የተቀመጠችው መልስ እንዲሰማባት ነው፤ እኛ በጩኸታችን የደፈንናት እሷን ነበር። ሰውየው ድምፃችንን ሰምቶ ሲነፋ ቆይቷል። በብዙ የጉዞ ቦርሳዎች ደረት ላይ ያለው ማያያዣ ዘለበት ትንሽ ፊሽካ አለው፤ ተሸክመውት የሚኖሩ ግን የማያውቁት ብዙ ናቸው። እሱ ያውቅ ነበር። ቦርሳውን ይዞ መግባቱ አጠፋው፣ ያው ቦርሳ ደግሞ አስገኘው። ከዚህ የተነሳ ቦርሳ መንገድ ዳር ይቀራል፣ ፊሽካ ግን አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

በሸለቆ ውስጥ ድምፅ ስለሚያስተጋባ አንድ ጆሮ አይታመንም። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁ ወደ መጣበት በእጁ ያመለክታል፤ ዓይን ሲገለጥ አብዛኛው እጅ ያመለከተው አቅጣጫ በኮምፓስ ይያዛል። ከዚያ አንድ መቶ ሜትር ያህል ወደ ጎን ተሄዶ እንደገና ይደመጣል። ሁለቱ መስመሮች ካርታ ላይ የሚገናኙበት አካባቢ ሰውየው አለ። አራት ሰዎች ወረዱ፤ የቀሩት መንገዱ ላይ ሆነው በየጊዜው ሦስት ጊዜ ይነፉ ነበር፤ የወረዱት መመለሻቸውን እንዳያጡ።

ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኙት። መሄድ ፈልጎ እንደነበር፣ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ በሦስቱም «ተቀመጥ» የሚል ነገር በልቡ እንደ መጣበት ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ጫካ ውስጥ ፀሐይ በደመና ስትሸፈን ሰዎች ቀጥ ብለው የሄዱ እየመሰላቸው ክብ እየሠሩ እንደሚመለሱ አሳይቷል። የዚያን ቀን ሰማዩ ደመና ነበር። ያ «ተቀመጥ» ከየት እንደ መጣ እኛ እናምናለን።

ቢቀመጥም ብርዱ አልተወውም። ልብሱ በላብ ረጥቦ ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንቀጥቀጥ ገና ደህና ምልክት ነው፤ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ የቆመ፣ ንግግሩ የተኮላተፈ ሰው ነው የሚያስፈራው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። እርጥቡ ልብስ ወለቀ፣ ደረቅ ለበሰ፣ ቦርሳ ላይ ተቀመጠ፤ መሬት ሙቀት ትመጥጣለችና። በደንብ የነቃ ስለነበር ጣፋጭ ነገር ተሰጠው። እጅና እግሩን ማሸት ደግ ሰው ሁሉ የሚሞክረው ነው፤ አይደረግም።

ብርሃኑ የተረፈን ጠዋት በተሠራ ስሌት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ደንብ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይይዛል። 12 ኪሎ ሜትር ከ450 ሜትር ዳገት ጋር 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይሆናል። ያ ግን የማያርፍ ጠንካራ ሰው ጊዜ ነው፤ ለቡድን ግማሹን መጨመር ይሻላል፣ ወደ 4 ሰዓት ከ45። የምንነሳበት ሰዓት በዚያ ላይ ሌላ ሦስት ሰዓት ብርሃን እንዲተርፍ ተደርጎ ተወሰነ። ያኔ «ምን ያስቸኩላል?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ።

«ፊሽካው እኮ ጸሎት ባይኖርም ይነፋ ነበር» የሚል ወንድም አለ። ልክ ነው፣ ይነፋ ነበር። እኛም እየጮህን እናልፈው ነበር።

አራተኛው መንታ ላይ ከቀሩት ሁለቱ ጋር ተገናኘን፤ ለነፍስ አድን ሰዎቹ ሰውየው መገኘቱ ተነገራቸው፤ ይህ ጥሪ ከተረሳ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋሉ። ከዚያ ቆጠራው በአፍ ተጀመረ። የመጨረሻው ቁጥር የተሰጠው ለእሱ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ድምፁ ስለ ሻከረ ሁለት ጊዜ ደገመው፦ «ሃያ አራት። ሃያ አራት።» እናታችንም «አሜን» አሉ።