የነሐሱን ጥርስ ፍለጋ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር

ባለፈው ጥር ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ ስወጣ በጨርቅ የጠቀለልኩት የመኪናችን የነሐስ ጥርስ፣ ማለትም ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ ክብ ዕቃ፣ ጭኔ ላይ ነበር። የአባቴ ፔጆ 404 በገንደ ቆሬው ግቢያችን በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ከቆመች ሦስት ወር አልፏታል። የ404 ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ እግሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች አይደለም፤ ብሎን የመሰለ ጥምዝ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስን እየነዳ ኋላ እግሮቹን ያዞራል፤ የኛው ነሐስ ደግሞ ጥርሱ እንደ ቢላ ስል እስኪሆን ተበልቶ ነበር።

አስቀድሜ የሞከርኩት እዚያው ድሬዳዋ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የገባባት ከተማ በብረት ሥራ የሠለጠኑ እጆች አያጡባትም፤ ያነጋገርኳቸው የቶርኖ ባለሙያ ግን ቡሽ (ዘንግ የሚያልፍበት ቀለበት) ቢሆን በአንድ ቀን እንደሚጠርቡልኝ፣ ይህን ጥምዝ ጥርስ በልኩ የሚያወጣ ማሽን ግን እንደሌላቸው በግልጽ ነገሩኝ። ሐረር ሂድ ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

የደንገጎን ዳገት ጨርሰን በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ስንገባ ፈረስ መጋላ ላይ የቆሙትን 404 ታክሲዎች ሳይ ልቤ ሞቀ። እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረች መኪና ዛሬም ሰውና ሸክም ይዛ የጀጎልን ዳር ስትዞር ማየት ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ሹፌር በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ አደረሰኝ። ጋሼ የነሐሱን ጥርስ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀጥለውም ከዲፈረንሻሉ የቀዳሁትን ዘይት በጠርሙስ አሳየኋቸው። ሁለት ጠብታ መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሉት ቢጫ ብናኝ አብለጨለጨ።

«ይኼ ጥርሱ ነው ልጄ፤ ምን ዘይት ነበር የምታደርጉበት?»

ከሱቅ የተገዛ የተለመደ የዲፈረንሻል ዘይት መሆኑን ነገርኳቸው። ለዚህ ዲፈረንሻል ፋብሪካው ያዘዘው ከጉሎ ፍሬ የሚወጣ ዘይት የገባበትን ነው፤ ከተለመዱት ውስጥ በአንዳንዶቹ ያለው ድኝ ያዘለ ቅመም ነሐስን ይበላል። ለዓመታት መኪናችንን ስንጎዳ የኖርነው እኛው መሆናችን ሲገባኝ በእውነት አዘንኩ።

ከግቢያቸው ጥግ፣ ሞተሯ ከወጣ አንዲት 404 ሥር፣ ዲፈረንሻሉን አወረድን። የቤት መኪናው ጥርስ ብዛት ከጭነቱ ስለሚለይ አንድ በአንድ ቆጠርን፤ ልክ ሆነ። ነሐሱን ብቻ ልግዛ ብል ጋሼ እምቢ አሉ፤ ዘንጉና ጥርሱ አብረው ተፋጭተው የተላመዱ ናቸውና የአንዱን ካንዱ ማጋባት አዲሱንም በቶሎ ያስበላል። ሁለቱንም ከነኩሽኔታቸው ወሰድኩ።

በሳምንቱ ገጠምናት። ከሁለት ወር በኋላ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሼ ወደ ፀሐይ አዘነበልኩት፤ ከሁለት ሦስት ፍንጣሪ በቀር የሚያብለጨልጭ አልነበረበትም።