የቆላ ኤሊ ደብረ ብርሃን ላይ ስትታመም

ከሸዋ ሮቢት አካባቢ የመጣች ኤሊ ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ ቀን ቀን ደህና ትመስላለች። ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሳር ትግጣለች። ጣጣው ሌሊት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ጣርማ በርን ሽቅብ ካለፈች በኋላ የሚጠብቃት የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ነው። ኤሊ እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም፤ ሰውነቷ ሲበርድ በሽታ የመከላከል አቅሟም አብሮ ይደክማል፤ ያኔ ጀርም ሳንባዋ ድረስ ይወርዳል። (የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት በሕግ ክልክል ነው፤ ይህ ምክር ግቢ ውስጥ ላለችው ነው።)

እንደ በግ ታስላለች ብላችሁ አትጠብቁ። ድያፍራም (ሳንባን ከሥር ሆኖ የሚያስተነፍስ ጡንቻ) የላትም፤ የምትተነፍሰው ቅርፊቷ ውስጥ ባሉ ጡንቻዎችና በእግሮቿ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመውን አክ ብላ አታወጣውም። መግሏም እንደ አይብ የጠጠረ ነው። የሚታየው ትንሽ ነገር ነው፦ አፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ ብቅ ብላ የምትፈነዳ አረፋ፣ የፊት እግሯ ላይ የደረቀ ንፍጥ፣ ያበጠ ዓይን፣ ያልተነካ ጎመን። ጆሯችሁን አስጠጉና አዳምጡ፤ ፉጨት ወይም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ ታማለች። አንገቷን አስግጋ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። የውሃ ኤሊ ከሆነች በአንድ ጎኗ አጋድላ ትንሳፈፋለች።

ከመድኃኒት በፊት ሙቀት። ቀንም ሌሊትም ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ያስፈልጋታል፤ መርፌውም ቢሆን በበረደ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይሠራም። ሰፊ ሣጥን አዘጋጁ፤ በአንድ ጫፉ 60 ዋት አምፖል 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ሲሞቃት ዞር የምትልበት ሌላኛው ጫፍ ባዶ ይሁን። ቴርሞሜትሩን እሷ በምትተኛበት ቁመት አኑሩት። አምፖሉ የድሮው ቢጫ ይሁን፤ ኃይል ቆጣቢው ያበራል እንጂ አያሞቅም። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። ከሰል ግን በፍጹም! ጭሱ የታመመ ሳንባዋን ይጨርሰዋል፤ በተዘጋ ቤት ሰውንም ይገድላል። የጤፍ ጭድም አታንጥፉላት፣ አቧራው ያፍናታል፤ ጋዜጣ ይበቃል።

በየቀኑ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጧት። ውሃው ከአገጯ በታች ይሁን፤ ከወጣች በኋላ በደንብ አድርቋት።

መድኃኒቱ ላይ ነው ብዙ ስህተት የሚሠራው። አካባቢያችን የበግ አገር ስለሆነ ብዙ የእንስሳት ሐኪም ኤሊ አክሞ አያውቅም፤ አይፈረድባቸውም። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ለበግ የሚወጋው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ ኤሊን ይገድላል። ሐኪሞች ለሳንባዋ ከሚያዙት አንዱ ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ሲሆን መጠኑ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው። በትክክለኛ ሚዛን ሳትመዘን መርፌ አይሰጣት። 1.2 ኪሎ የምትመዝን ኤሊ በ5 ሚሊ ግራም ስሌት 6 ሚሊ ግራም ይደርሳታል። ለከብት የሚሸጠው ባለ 10 በመቶው ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስለያዘ፣ የእሷ ድርሻ 0.06 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ U-100 በሚል የኢንሱሊን ስሪንጅ 6 ዩኒት ማለት ነው። በከብት ስሪንጅ ይህን መለካት አይቻልም። ፈሳሹ ሥጋ ስለሚያቃጥል ሐኪሙ ማቅጠን ይኖርበታል። የሚወጋውም የፊት እግሯ ነው፤ ከኋላ እግር የሚነሳው ደም መጀመሪያ ወደ ኩላሊት ሊያልፍ ስለሚችል መድኃኒቱ ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል። የሰው ካፕሱል ፈትቶ ጎመን ላይ መነስነስ ከንቱ ነው፤ የታመመች ኤሊ ጎመኑን መቼ በላችውና!

አረፋው ስለጠፋ መርፌውን አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ሁሉ ይለቅ። ሌሎች ኤሊዎች ካሉ ለብቻዋ ትቆይ፤ የምትነከርበት ሳፋ ወደ ወጥ ቤት አይግባ፤ ከነካችኋት በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሰውን የሚያስቀምጠው ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ጤነኛ ኤሊም ላይ ሊኖር ይችላል።