ለአጭር የኢስታንቡል ጉዞ አስጎብኚና ሆቴል የምመርጥበት መንገድ

አራት ወይም አምስት ቀን ለኢስታንቡል ትንሽ ነው። ከተማዋ በሁለት አህጉር ላይ ተዘርግታለች፤ መንገዷ ይጨናነቃል፤ ዝነኛ ቦታዎቿ በሰልፍ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ሆቴልም ሆነ አስጎብኚ ስመርጥ ከዋጋው እኩል ሰዓቱን እቆጥራለሁ። በሌሊት አሥር ዩሮ ቀንሶ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ትራፊክ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሆቴል ለእኔ ውድ ሆቴል ነው።

ምንም ነገር ከመያዜ በፊት የማየው የሳምንቱን ቀናት ነው። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው። ሌላው ቤተ መንግሥት ዶልማባህቼ ሰኞ አይከፈትም። ካፓሊቻርሺ የሚባለው ጣሪያ ያለው ታላቁ ገበያ እሑድ ይዘጋል፤ ላሌሊ በሚባለው ሰፈር ያሉት አብዛኞቹ የጅምላ ልብስ ሱቆችም እንዲሁ። ዓርብ ቀትር ላይ ትልልቆቹ መስጊዶች ለጁምዓ ሶላት ስለሚሞሉ ጎብኚ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። በኢድ አልፈጥርና በአረፋ በዓላት ገበያው ለቀናት ሊዘጋ ይችላል። ዕቃ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ቅዳሜ ማታ ደርሶ ማክሰኞ የሚመለስ ከሆነ የቀረው የሥራ ቀን ሰኞ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ሳላሰፍር የአውሮፕላን ትኬት አልቆርጥም።

ቀኑ ከተያዘ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ሆቴል ይሄዳል። እኔ አስጎብኚውን አስቀድማለሁ። በኢስታንቡል የሆቴል ክፍል ሞልቷል፤ አንዱ ቢሰረዝ ሌላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገኛል። እኔ በምፈልገው ቀን ነጻ የሆነ ጥሩ አስጎብኚ ግን በተለይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ እና በመስከረምና በጥቅምት ቀድሞ ይያዛል። ደግሞም የት እንደምንገናኝና በስንት ሰዓት እንደምንጀምር ካወቅሁ ሆቴሉ በየትኛው ሰፈር መሆን እንዳለበት ራሱ ይነግረኛል።

በቱርክ ማስጎብኘት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ቁጥር 6326 ይህን በግልጽ ደንግጓል። አስጎብኚው በባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር የተፈቀደለት፣ ፎቶግራፉና የሚያስጎበኝባቸው ቋንቋዎች የሰፈሩበት መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። ኮካርት ይሉታል፤ በሥራ ላይ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ገንዘብ ከመላኬ በፊት የኮካርቱን ፎቶ በዋትስአፕ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ባለሙያው ጥያቄው አይከፋውም፤ ወዲያው ይልካል። ማመንታት ካየሁ ወደ ሌላ እሄዳለሁ። ፈቃድ የሌለው ሰው ሲያስጎበኝ ከተያዘ ቅጣት አለበት፤ ጉብኝቱም መሐል ላይ ይቋረጣል፤ የተከፈለውን ቀብድ መልሶ ማግኘት ደግሞ ዘበት ነው። በድርጅት በኩል ከሆነ ድርጅቱ ቱርሳብ በተባለው የጉዞ ወኪሎች ማኅበር የተመዘገበበትን ቁጥር መጠየቅ ይበቃል።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የማጣራው አስጎብኚውን ማን እንደሚከፍለው ነው። ይህ ከታሪክ እውቀቱም ሆነ ከቋንቋ ችሎታው በላይ ቀናችሁን ይወስናል። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ዝቅተኛውን የቀን ክፍያ ያወጣል። ከዚያ በጣም ያነሰ ዋጋ የሚጠራ ሰው ቀሪውን ከሌላ ቦታ ያገኛል፤ ያ ሌላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ምንጣፍ ቤት፣ የቆዳ ጃኬት መሸጫ ወይም ጌጣጌጥ ቤት ነው። ሱቁ ደንበኛ ላመጣለት ሰው ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። ሻይ ይቀርባል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ሳይታወቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ የተገዛው ዕቃ ዋጋም ድርሻውን ይጨምራል። ዝነኞቹ ቦታዎች ባሉበት በሱልጣናህመት አደባባይ ላይ «ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሌላ በር ላሳይህ» ብሎ በፈገግታ የሚቀርብ ሰውም መጨረሻው እዚያው ሱቅ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው መልእክቴ ላይ እነዚህን እጽፋለሁ። የምንጎበኛቸው ቦታዎች በቅደም ተከተል የትኞቹ ናቸው? ዋጋው ለቡድኑ ነው ወይስ በሰው? የግል አስጎብኚ የሚያስከፍለው ለቡድን ስለሆነ አራት ሰው ሆኖ መካፈል በጣም ይቀላል። የመግቢያ ትኬት፣ መጓጓዣና ምሳ ተካትተዋል? የተጨማሪ ሰዓት ክፍያ ስንት ነው? እኔ ብሰርዝ ቀብዱ እስከ መቼ ይመለሳል? መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሱቅ መግባት አንፈልግም» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ፤ «እሺ» የሚለው መልስም በጽሑፍ ይቀመጥ። ጥያቄዎቹን ቆጥሮ አንድ በአንድ የሚመልስ አስጎብኚ በቀኑም እንዲሁ ጥንቁቅ ይሆናል። «አታስብ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ሰዓት ሲቀጠር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቱርክ ከ2016 ጀምሮ ሰዓቷን በበጋና በክረምት መቀያየር ስላቆመች ከአዲስ አበባ ጋር ዓመቱን ሙሉ እኩል ነች። ነገር ግን እነሱ 09:00 ሲሉ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለአስጎብኚው ሁልጊዜ በአራት አሃዝ ጻፉ። የሆቴል ቀንም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ወሩ ከኛ ወር ጋር ስለማይገጥም በአንድ ሳምንት መሳሳት በጣም ቀላል ነው።

አስጎብኚ ለሙሉ ጉዞው አያስፈልግም። ለአንድ ቀን፣ ያውም በመጀመሪያው ሙሉ ቀን ላይ መያዙ ይሻላል፤ የከተማዋን አቀማመጥ፣ የትራም ካርድ አጠቃቀሙንና የምግብ ቤቱን ነገር በዚያው ታውቁታላችሁ። የግማሽ ቀን ዋጋ ከሙሉው ብዙ ላያንስ ስለሚችል ጠይቃችሁ ወስኑ። ቀኑን ለሐጊያ ሶፊያ፣ ለቶፕካፒና በአካባቢያቸው ላሉት ቦታዎች እሰጠዋለሁ። በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የተመረቀው ሐጊያ ሶፊያ በ1453 መስጊድ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ በ2020 ወደ መስጊድነቱ ተመልሷል። ከጥር 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ የውጭ አገር ጎብኚ የሚገባው በክፍያ ወደ ላይኛው ሰገነት ብቻ ሲሆን ምድሩ ለሰጋጆች ነው። ሰገነቱ ላይ ጌታ በመሐል፣ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ በግራና በቀኝ ሆነው የሚታዩበት ሞዛይክ አለ። ግማሹ ረግፏል፤ የተረፈው ግን ልብ ይነካል። የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። ለሴቶች የራስ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ የኛ ነጠላ በቂ ነው። «ያለ ሰልፍ» ተብሎ የሚሸጠው ትኬት የትኬት መቁረጫውን ሰልፍ እንጂ የፍተሻውን አያስቀርም፤ በዚህ ምክንያት ከፍ ያለ ዋጋ ከመክፈል ይልቅ በሩ ሲከፈት መድረስን እመርጣለሁ።

ሁለቱን አህጉሮች በሚለየው በቦስፎረስ ባሕር ለሚሄድ ጀልባ አስጎብኚ አልይዝም። ኤሚኖኑ ከሚባለው የጀልባ መነሻ የሚነሳው የሕዝብ ጀልባ በትራም ካርዱ ተከፍሎበት ያንኑ ውኃና ያንኑ ቤተ መንግሥቶች ያሳያል። ታላቁን ገበያም ያለ አስጎብኚ መዞር ይሻላል።

ለንግድ የሚሄዱትን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። ላሌሊና አክሳራይ አካባቢ በአማርኛ የሚያግዙ፣ ሱቅ የሚያሳዩ፣ ከካርጎ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ይገኛሉ። ሙዚየም ለማስጎብኘት ፈቃድ ስለሌላቸው ለዚያ አይጠየቁም፤ ለገበያው ግን በጣም ይጠቅማሉ። ጥያቄው ያው ነው፦ የሚከፈላቸው ከእናንተ ነው ወይስ ከሱቁ? የቀን አበል ተነጋግሮ መክፈልን እመክራለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ከአሥር ሱቅ ዋጋ ለማወዳደር ምክንያት አላቸው። የጅምላ ሱቆች በሴሪ፣ ማለትም የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ልብሶች በአንድ እሽግ እንደሚሸጡም አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ አንድ ፍሬ አይነጥሉም።

አሁን ሆቴሉ። የመጀመሪያው ሥራ ቲ1 የተባለውን የትራም መስመር በካርታ ላይ ማየት ነው። አክሳራይን፣ ላሌሊን፣ ቤያዚትን፣ ቸምበርሊታሽን፣ ሱልጣናህመትን፣ ሲርኬጂንና ኤሚኖኑን አያይዞ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ካባታሽ ይሄዳል። ከዚህ መስመር በእግር ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚርቅ ሆቴል ለአጭር ጉዞ አልመርጥም። ለጉብኝት ብቻ ከሆነ ሲርኬጂን አስቀድማለሁ፤ ትራሙም፣ በባሕር ሥር የሚያልፈው ማርማራይ ባቡርም፣ ጀልባውም ቅርብ ናቸው፤ ምግቡም ከሱልጣናህመት ይረክሳል። ሱልጣናህመት ጠዋት በሩ ላይ ለመድረስ የሚያህለው የለም፤ ሆቴሎቹ ግን አብዛኞቹ አሮጌ ጠባብ ቤቶች ስለሆኑ አሳንሰር የሌላቸው ብዙ ናቸው። ላሌሊ ለነጋዴ ነው፤ ክፍሉ ሰፊ፣ ዋጋው ቀለል ያለ፣ ከሱልጣናህመትም በሦስት ፌርማታ ብቻ የሚርቅ። ችግሩ ሌሊት ነው፤ የካርጎ መኪና ሲጫን፣ ካርቶን በፕላስተር ሲታሸግ ያድራል። እዚያ ስይዝ ከመንገዱ በተቃራኒ በኩል ያለ ክፍል በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

በካርታ ላይ የማይታየው ዳገቱ ነው። ከትራሙ መስመር ወደ ማርማራ ባሕር፣ ወደ ቃድርጋና ኩምካፒ የሚወርዱት መንገዶች ቁልቁለት ናቸው። «ከሱልጣናህመት 500 ሜትር» የተባለው ሆቴል ሻንጣ እየጎተቱ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲወጡት ሌላ ነገር ነው። በጎግል ማፕ የመንገድ ፎቶ ከፌርማታው እስከ ሆቴሉ በር ድረስ እያየሁ «እራመዳለሁ»፤ ደረጃ ካለ እዚያ ይታያል።

ክፍሉን ስመርጥ ፎቶውን ትቼ ካሬ ሜትሩን አነባለሁ። ከ12 ካሬ ሜትር በታች ከሆነ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ከፍቶ መንቀሳቀስ ያስቸግራል። «ኢኮኖሚ» የተባለው ርካሽ ክፍል በአሮጌዎቹ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ወደ ግድግዳ ይከፈታል ወይም ጨርሶ የለም፤ በክረምት እርጥበቱ ይሸታል። አስተያየት ሳነብ ከአዲሱ ጀምሬ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን ብቻ አያለሁ። አንድ ሰው ስለ ቁርሱ ቢያማርር አልፈዋለሁ፤ ሦስት ሰው በተለያየ ወር ስለ ሽታ፣ ስለ ሙቅ ውኃ ወይም ሲደርሱ ሌላ ሆቴል ስለ መዘዋወራቸው ከጻፈ ያን ሆቴል እተወዋለሁ።

የአፓርታማ ኪራይ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። ከጥር 1 ቀን 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በቱርክ ለ100 ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ለቱሪስት የሚከራይ ቤት ፈቃድ ሊኖረውና በበሩ ላይ ምልክቱ ሊለጠፍ ይገባል። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ከሌለው ጎረቤት ሲያመለክት ችግሩ በእንግዳው ቆይታ ላይ ይወድቃል።

ቪዛ የሚጠይቅ ተጓዥ የሆቴል ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው መጀመሪያ የምይዘው ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ዋጋ ነው። የማይመለሰው ርካሽ ዋጋ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ካረፈ በኋላ ነው የሚታሰበው። በማረጋገጫው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ሆቴሉ ካርዱን ሊሞክር ይችላል፤ ካርዱ ለውጭ ክፍያ ካልተከፈተ ቦታ ማስያዣው ይሰረዛል፤ ስለዚህ ባንኩን ቀድሞ ማነጋገር ግድ ነው። ከ2023 ጀምሮ 2 በመቶ የማረፊያ ግብር አለ፤ ጠቅላላው በዩሮ ከነግብሩ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የክፍያ ማሽኑ በሊራ ወይም በዶላር ብሎ ሲያስመርጥ ሊራን ንኩ፤ ዶላሩን ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፤ ሁልጊዜም ለእናንተ ይጎዳል።

ጾመኛ ለሆነ ሰው የሆቴሉ ቁርስ አያሳስብ። አይብና እንቁላል ቢበዛም ወይራ፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ማርማላታና ዳቦ አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ዘይቲንያሊ የሚባሉት በወይራ ዘይት የተሠሩ ቀዝቃዛ አትክልቶች አሉ። የምስር ሾርባው ግን በአንዳንድ ቤት ቅቤ ስለሚገባበት ጠይቆ መብላት ነው።

አዲሱ አየር ማረፊያ ከአሮጌው ከተማ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሻንጣው ቀላል ከሆነ በኤም11 ሜትሮ እስከ ጋይሬቴፔ፣ ከዚያ በኤም2 እስከ ቬዝነጂለር መሄድ ይቻላል፤ ላሌሊና ቤያዚት ከዚያ በእግር ናቸው። ሃቫኢስት የተባለው አውቶቡስ ደግሞ ሻንጣን ከሥር ይጭናል። ሌሊት ለሚደርስ ሰው ሆቴሉ የሚልከው መኪና ዋጋው ቀድሞ ስለሚታወቅ ይሻላል፤ ዋጋው በመኪና መሆኑን እንጂ በሰው አለመሆኑን አረጋግጡ።

በመመለሻው ቀን ሻንጣውን ከክፍል መልቀቂያ ሰዓት በኋላ ሆቴሉ እንዲያስቀምጥ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ በነጻ ያደርጉታል። ከሱልጣናህመት የምነሳው በረራው ከመነሳቱ ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚመለስላቸው ዕቃዎች ካሉ ሻንጣው ከመረከቡ በፊት ዕቃውንና ደረሰኙን ለጉምሩክ አሳይቶ ማህተም ማስመታት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እነዚያን ዕቃዎች በአንድ ሻንጣ ከላይ አድርጋችሁ አሽጉ።