ወተት ካርቶን ላይ የታተመ ሕግ

ዛሬ የሌሊት ፈረቃ የለኝም። ልጄ ተኝታለች። ስቶክሆልም ዝም ብሏል።

ባለፈው ወር ልጄ ላይ እጄን ሰነዘርኩ። ከአረጋውያን ማቆያው ሥራዬ ገብቼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር፣ ጫማሽን አድርጊ ስላት እምቢ፣ ጃኬትሽን ልበሺ ስላት እምቢ አለች። ክንዷን ቸብ አደረግኳት። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ክንዷን አየች። ያ አስተያየቷ ከፊቴ አልጠፋ አለ። ትምህርት ቤት ስትደርስ ለመምህሯ ነገረቻት። መምህሯም እንደ ግዴታዋ ለሶሻል፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ፣ አሳወቀች።

“ሶሻል ልጅ ይወስዳል።” ቡና ላይ የምንሰማው ይህን ብቻ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ጉልበቴ ከዳኝ።

የሶሻሏ ሴትዮ በአስተርጓሚ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ “በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?” ብላ ነው። ቀጥላም፣ “ልጅሽን የሚይዝልሽ ሰው አለ?” አለችኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። መምታቱን ግን አላለሳለሰችውም፤ እዚህ ፈጽሞ ክልክል ነው አለችኝ። ከዚያ የወላጆች ኮርስ አስመዘገበችኝ።

ቤት ገብቼ ስለ ሕጉ ማንበብ ጀመርኩ። ልጅ መምታትን ሙሉ በሙሉ በመከልከል ስዊድን ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት፤ በ1979 እ.ኤ.አ.። ሕጉ የተቀመጠው ስለ ወላጅና ልጅ በሚደነግገው ሕግ ውስጥ ነው፤ የራሱ ቅጣት የለውም። ድብደባ ሲሆን ግን የወንጀል ሕጉ አለ። ያኔ መንግሥት የሕጉን መልእክት ወተት ካርቶን ላይ አሳትሞ ለሁለት ወር አሰራጨው። እናትና ልጅ ቁርስ ላይ አብረው እንዲያወሩበት! እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ቆየሁ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅን ከአካል ቅጣት የሚጠብቀው በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ነው። ቤት ሲገባ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576፣ ማሰቃየትን ቢከለክልም፣ ልጅን ለመልካም አስተዳደግ የሚቀጣ ወላጅን አይነካም። እኔ በርበሬ የታጠንኩት ቤት ውስጥ ነው።

እማዬን አልወቅሳትም። አምስታችንን ብቻዋን አሳደገች። “ትተኛለሽ ወይ?” ብሎ በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

እሑድ ቡናው እኔ ቤት ነው። ሴትዮዋ የጠየቀችኝን እነግራቸዋለሁ። የልጄን ክንድ መምታቴንም ጭምር።